ውሃው ወረደ ማለት ተጠገነ ማለት አይደለም

በመኖሪያ ቤት ውስጥ ከሚገኙት ነገሮች ሁሉ እንደ ፍሳሽ ቧንቧ ያለ ምስጋና የሚያገለግል የለም። ሥራውን በአግባቡ ሲሠራ ማንም አያስታውሰውም፤ የተዘጋ ዕለት ግን ቤተሰቡ በሙሉ ያማርረዋል። ያን ጊዜ ባለሙያ ይጠራል። ባለሙያውም ሽቦ ይሰድዳል፣ የቆመው ውሃ እየተንጎራጎረ ይወርዳል፣ የቤቱም ባለቤት ሒሳብ ከፍሎ በምስጋና ያሰናብተዋል። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ያው ቧንቧ፣ በዚያው ቦታ፣ እንደገና ይዘጋል። አባቶቻችን «ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ» ያሉት ምሳሌ ለዚህ ዓይነቱ ጥገና የተነገረ ይመስላል።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የቧንቧ ጥገና መመሪያ ማቅረብ አይደለም። ጸሐፊው ሊሟገትለት የሚፈልገው አንድ ሐሳብ ነው፤ ይኸውም ውሃው መውረዱ የጥገናው መጀመሪያ እንጂ መጨረሻ አይደለም የሚል ነው። ቧንቧው ለምን እንደተዘጋ ያልጠየቀ ጥገና ተደጋጋሚ ወጪን፣ አንዳንድ ጊዜም የጤና አደጋን ያስከትላል። «ለምን?» ብሎ መጠየቅ ደግሞ በቤተ ሙከራ ውስጥ ነጭ ካባ ለለበሱ ሰዎች ብቻ የተሰጠ ሥራ አይደለም። ጥሩ የቧንቧ ባለሙያም በየዕለቱ የሚያደርገው ይህንኑ ነው።

ፓምፕ ጠጋኙ ለሳይንስ የተወው ጥያቄ

ጋሊሊዮ ጋሊሊ እ.ኤ.አ. በ1638 ባሳተመው፣ ስለ ሁለት አዳዲስ ሳይንሶች በሚያትተው መጽሐፉ ውስጥ ከተወያዮቹ አንዱ የሚያነሣው አስገራሚ ገጠመኝ አለ። ሰውዬው ከጉድጓድ ውሃ የሚስብ ፓምፕ ያያል፤ የጉድጓዱ ውሃ ዝቅ ባለ ጊዜ ፓምፑ መሳቡን ያቆማል። መሣሪያው ተበላሽቷል ብሎ ጠጋኝ ያስጠራል። ጠጋኙ ግን ጉድለቱ ከፓምፑ ሳይሆን ከውሃው ከመጠን በላይ መራቅ እንደሆነ፣ በዚህ ዓይነት ፓምፕ ደግሞ ውሃን ከ18 ክንድ በላይ መሳብ ፈጽሞ እንደማይቻል ያስረዳዋል። ይህም በዛሬው ልኬት ወደ 10 ሜትር ገደማ ነው።

ሠራተኛው ገደቡን በልምድ ያውቀው ነበር፤ ምክንያቱን ግን ያን ጊዜ በትክክል ያወቀ አልነበረም። ጋሊሊዮ ራሱ የሰጠው ማብራሪያ ትክክል ሆኖ አልተገኘም። ኢቫንጄሊስታ ቶሪቼሊ በ1640ዎቹ በሜርኩሪ ባደረገው ሙከራ ግን ነገሩ ተገለጠ፤ ውሃውን ወደ ላይ የሚገፋው የከባቢ አየር ክብደት ነው፤ አየሩ የሚችለው ያን ያህል ብቻ ነው። ባሮሜትር የሚባለው መሣሪያ የተወለደው ከዚህ ጥያቄ ነው።

ይህ ታሪክ ለእኛ ሁለት ትምህርት ይዟል። አንደኛው፣ ጠጋኙ መሣሪያውን መፈታታት ከመጀመሩ በፊት ጥፋቱ የት እንደሆነ መጠየቁ ነው። ሁለተኛው ይበልጥ ለአገራችን የሚቀርብ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ የጋሊሊዮ ዘመን ፓምፕ እዚህ ቢተከል ከ8 ሜትር በታች ይገደባል። በየቤቱ የሚገኘው እጀታ ያለው የጎማ ቆብም ለዚሁ ሕግ ይገዛል፤ ሲስብ የሚያግዘው የከባቢው አየር ስለሆነ ኃይሉ የተወሰነ ነው፤ ሲገፋ ግን ገደቡ የገፊው ክንድ ነው። ስለዚህ ባለሙያው ቆቡን ውሃ ውስጥ ያጠልቀዋል፤ አየር ሲጨመቅ ኃይሉን ይውጣል፣ ውሃ ግን እምብዛም ስለማይጨመቅ ግፊቱን በቀጥታ ያደርሳል። የመታጠቢያውን የትርፍ ውሃ ቀዳዳ በጨርቅ የሚደፍነውም ግፊቱ በዚያ እንዳያመልጥ ነው።

አምስት ሴንቲ ሜትር ውሃ

ከእጅ መታጠቢያው ሳህን በታች የሚታየውን ጠምዛዛ ቧንቧ ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ሲፎን ይባላል። ብዙ ሰው የተጠመዘዘው ቆሻሻ ወይም የወደቀ ቀለበት እንዲያስቀር ይመስለዋል። እውነተኛው ሥራው ግን ሌላ ነው። በመታጠፊያው ውስጥ ሁልጊዜ የሚቀረው ጥቂት ውሃ፣ አብዛኛውን ጊዜ 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ጥልቀት ያለው፣ በቤቱ አየርና በፍሳሽ መስመሩ አየር መካከል የቆመ በር ነው። በለንደን ይሠራ የነበረው ስኮትላንዳዊው የሰዓት ሠሪ አሌክሳንደር ከሚንግ እ.ኤ.አ. በ1775 ለመጸዳጃ ቤት ባወጣው የፈጠራ መብት ውስጥ ይህን መታጠፊያ አካትቶታል። ከዚያ ወዲህ ቅርጹ ተሻሽሏል እንጂ ሐሳቡ አልተለወጠም።

ይህ በር ሲጠፋ ምን እንደሚከተል ዓለም በመራራ መንገድ ተምሯል። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2003 በሆንግ ኮንግ ኣሞይ ጋርደንስ በተባለ የመኖሪያ ሕንፃዎች መንደር የሳርስ በሽታ ተነሥቶ ከ300 በላይ ነዋሪዎች ሲያዙ 42ቱ ሞተዋል። የተደረገው ምርመራ ጣቱን ከቀሰረባቸው ነገሮች አንዱ የመታጠቢያ ክፍሎቹ የወለል ማፍሰሻ ሲፎን ነበር። ነዋሪዎቹ ወለሉን በውሃ ከማጠብ ይልቅ በእርጥብ መወልወያ ስለሚያጸዱ በብዙ ቤቶች በሲፎኑ ውስጥ ያለው ውሃ ተንኖ ደርቆ ነበር። የአየር መሳቢያው ማራገቢያ ሲበራ ከፍሳሽ ቧንቧው የተበከለ ጠል በደረቀው ማፍሰሻ በኩል ወደ ክፍሉ ይሳብ ነበር። ቧንቧው አልተዘጋም፤ ውሃም በሚገባ ይወርድ ነበር። የጎደለው አንድ ኩባያ የማይሞላ ውሃ ነው።

እንግዲህ ወደ ከተሞቻችን እንመለስ። ውሃ በፈረቃ በሚዳረስባቸው ሰፈሮች ወለል ማጠብ ቅንጦት ነው፤ ስለዚህ የወለል ማፍሰሻው ለሳምንታት ውሃ ላያይ ይችላል። መጥፎ ሽታ ሲመጣ ጨርቅ ወትፎ ወይም ሽቶ ረጭቶ ዝም ማለት የተለመደ ነው። ከዚህ የከፋው ደግሞ ሲፎኑ «ቆሻሻ እየያዘ አስቸገረ» ተብሎ ጨርሶ መነሣቱና በቀጥታ ቧንቧ መተካቱ ነው። በዚህ መንገድ የተጠገነ መታጠቢያ ውሃው እንደ ጅረት ይወርዳል፤ ቤቱ ግን ከከተማው ፍሳሽ ጋር በር አልባ ሆኖ ይኖራል። ውሃው ወረደ ማለት ተጠገነ ማለት እንዳልሆነ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያስፈልግም።

ሲፎኑ ሳይደርቅም ሊመጠጥ ይችላል። ከላይኛው ፎቅ ብዙ ውሃ በአንድ ጊዜ ሲለቀቅ እንደ ፒስተን ሆኖ በቋሚው ቧንቧ ይወርዳል፤ ከኋላው አየር የሚገባበት ካላገኘ በየፎቁ ካሉት ሲፎኖች ውሃውን እየሳበ ያልፋል። የምንሰማው የመንጎራጎር ድምፅ የዚህ ምልክት ሊሆን ይችላል። መድኃኒቱ ሽቦ መስደድ አይደለም፤ ጣሪያ ላይ የሚወጣው የመተንፈሻ ቧንቧ ክፍት መሆኑን ማረጋገጥ፣ ከሌለም እንዲኖር ማድረግ ነው።

ምርመራ ከመሣሪያ ይቀድማል

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» እንደሚባለው፣ በሥራው የበሰለ ባለሙያ መጀመሪያ የሚያወጣው መሣሪያ ጥያቄ ነው። የታመመው አንድ ማፍሰሻ ነው ወይስ ብዙ? የእጅ መታጠቢያው ብቻ ቀስ ብሎ የሚወርድ ከሆነ ጥፋቱ በራሱ ሲፎን ወይም ከእርሱ ቀጥሎ ባለው አጭር ቅርንጫፍ ውስጥ ነው። የዕቃ ማጠቢያው፣ የገላ መታጠቢያውና የወለሉ ማፍሰሻ በአንድነት ከሰነፉ ግን ችግሩ ሁሉም ከሚገናኙበት ቦታ በታች ነው። ከላይ ያለው ጎረቤት ውሃ ሲለቅ በምድር ቤቱ መጸዳጃ ውሃ ከፍ የሚል ከሆነ ደግሞ የተዘጋው ዋናው መስመር ነው። ቀጥሎ ግቢ ውስጥ ያለውን ማንሆል ከፍቶ ያያል። ደረቅ ከሆነ መዘጋቱ በማንሆሉና በቤቱ መካከል፣ ሞልቶ ከሆነ ከማንሆሉ ወዲያ ነው። የኮምፒዩተር ሳይንስ ተማሪዎች ይህን ዘዴ ያውቁታል፤ የፍለጋውን ሜዳ በእያንዳንዱ ጥያቄ እያጠበቡ መሄድ ነው።

ቦታው ከታወቀ በኋላ መሣሪያው ይመረጣል። ለሲፎን መዘጋት ከሥሩ ባልዲ አስቀምጦ ሲፎኑን ፈትቶ ማጠብ ይበቃል። ከዚያ ለራቀው እንደ ሞላ የተጠመዘዘ ተጣጣፊ ሽቦ ይሰደዳል፤ ጫፉ ጸጉርና ጨርቅ እያጠላለፈ ያወጣል። ለዋና መስመር ደግሞ በከፍተኛ ግፊት ውሃ የሚረጭ ቱቦ አለ። የዚህ ቱቦ አፍ የሚረጨው በአመዛኙ ወደ ኋላ ነው፤ በኒውተን ሦስተኛ ሕግ መሠረት ወደ ኋላ የተወረወረው ውሃ ቱቦውን ወደ ፊት ይገፋዋል፣ በጉዞውም ግድግዳውን ያጥባል። አቅም ሲፈቅድም በቧንቧው ውስጥ ትንሽ ካሜራ ተልኮ የተሰበረው፣ የዛፍ ሥር የገባበት ወይም ያጎበጠው ቦታ በዓይን ይታያል።

ነገር ግን የጽሑፋችን ጥያቄ የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። የወጣው ነገር ምን ነበር? ከወጥ ቤቱ መስመር የወጣው ነጭ ቅባት ከሆነ ምክንያቱ የሚገኘው በቧንቧው ውስጥ ሳይሆን በድስቱ ውስጥ ነው። ቅቤና የሚረጋ የፓልም ዘይት በሙቅ ውሃ ቀልጠው ይወርዳሉ፤ በቀዝቃዛው ቧንቧ ውስጥ ግን ይረጋሉ፣ ከቡና አተላና ከምግብ ፍርፋሪ ጋርም ይጣበቃሉ። በፍሳሽ ውስጥ ካለ ካልሲየም ጋር ሲዋሐዱ የማይሟሟ ሳሙና ሆነው ይጠጥራሉ። እ.ኤ.አ. በ2017 በለንደን ኋይትቻፕል ሰፈር ሥር የተገኘው የቅባት ክምር 250 ሜትር ርዝመትና 130 ቶን ክብደት እንደነበረው ተገልጿል። ያ ሁሉ የተከማቸው ከየወጥ ቤቱ በየቀኑ በፈሰሰ ጥቂት ጥቂት ቅባት ነው። ድስቱን ከማጠብ በፊት በወረቀት መጥረግ ከማንኛውም ሽቦ የተሻለ ጥገና ነው።

የወጣው ነገር ብዙም ሳይሆን ቧንቧው እየደጋገመ የሚዘጋ ከሆነ ደግሞ ጥርጣሬው ወደ ዝንባሌው ይዞራል። አነስተኛ የቤት ውስጥ የፍሳሽ ቧንቧ ብዙ ጊዜ የሚዘረጋው በ2 በመቶ ያህል ዝንባሌ ነው፤ ማለትም በ10 ሜትር ርዝመት 20 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ይላል። ከዚህ እጅግ ካነሰ ውሃው ቆሻሻውን ተሸክሞ ለመሄድ ፍጥነት ያጣል። ከሥሩ ያለው አፈር ሰርጎ ቧንቧው መሐሉ ላይ ካጎበጠም በጎባጣው ውሃ ይተኛል፣ ዝቃጭም ይከማቻል። እዚህ ላይ ሽቦ መስደድ ጊዜ መግዛት ብቻ ነው፤ ትክክለኛው ጥገና ቆፍሮ ዝንባሌውን ማስተካከል ነው።

በጠርሙስ የሚሸጥ አቋራጭ

ምርመራን ለመዝለል ከምንጠቀምባቸው አቋራጮች ዋነኛው ኬሚካል ነው። ኮስቲክ ሶዳ ቅባትን ወደ ሳሙና ይለውጣል፤ ጸጉርንም ያዳክማል። ነገር ግን ጨርቅ፣ አጥንት ወይም የጎበጠ ቧንቧ ምን ያደርግለታል? በውሃ ሲሟሟ ብዙ ሙቀት ስለሚያወጣም የፕላስቲክ ቧንቧን ሊያለሰልስ ይችላል። መዘጋቱን ካልከፈተ ደግሞ እዚያው ተኝቶ ሲፎኑን የሚፈታውን ሰው እጅና ዓይን ይጠብቃል። በረኪናን ከአሲድ ጋር መቀላቀል ከሁሉ የባሰ ነው፤ በጠባብ መጸዳጃ ቤት ውስጥ መርዛማው የክሎሪን ጋዝ ይወጣል። ስለዚህ ባለሙያ ስንጠራ በቧንቧው ውስጥ ምን እንደጨመርን መናገር የጨዋነት ብቻ ሳይሆን የሰው አካል የመጠበቅ ጉዳይ ነው።

ስለ ባለሙያው ደህንነት ካነሣን አይቀር አንድ ነገር መጨመር ይገባል። በፍሳሽ ጉድጓድ ውስጥ የሚፈጠረው ሃይድሮጅን ሰልፋይድ በጥቂቱ ሲኖር እንደ ተበላሸ እንቁላል ይሸታል፤ ሲበዛ ግን የማሽተት ስሜትን ያደነዝዛል። ከአየር ስለሚከብድም ከጉድጓዱ ሥር ይተኛል። «ሽታው ጠፋ» ብሎ የገባ ሰው ሳይታሰብ ሊወድቅ፣ ሊያድነው ተከትሎ የገባውም አብሮት ሊያልቅ ይችላል። ጉድጓዱ አየሩ ሳይመረመርና ሳይናፈስ፣ ከላይም ገመድ የሚይዝ ሰው ሳይኖር «ግባ» ብሎ ማዘዝ ማንም ደመወዝ ከፋይ ሊኖረው የማይገባ ሥልጣን ነው።

«ለምርመራ የሚሆን ገንዘብ ከየት ይምጣ?»

በዚህ ሐሳብ ላይ የሚነሣው ተቃውሞ ይታወቃል። «ይህ ሁሉ ለባለጸጋ ነው፤ ድሃ ቤተሰብ የሚፈልገው ውሃው እንዲወርድለት ብቻ ነው» ይባላል። ተቃውሞው ከልብ የመነጨ ነው፤ ነገር ግን ሒሳቡ ሲሠራ ወደ ሌላ ድምዳሜ ይመራል። ከላይ ከዘረዘርነው ምርመራ አብዛኛው ጥቂት ጥያቄና ክዳን መክፈት እንጂ ካሜራ አይጠይቅም። በየወሩ ለአንድ ቧንቧ የሚከፍል ቤተሰብ ግን አንድ ጊዜ በሚገባ ካስጠገነው የበለጠ ያወጣል። እውነቱን ለመናገር ጥድፊያውን የምንፈጥረው እኛ ደንበኞቹ ነን። ለአምስት ደቂቃ የሽቦ ሥራ ያለ ክርክር እንከፍላለን፤ ግማሽ ሰዓት ጠይቆና አይቶ ምክንያቱን ለነገረን ባለሙያ ግን «ምን ሠርተህ ነው?» እንላለን። የሚከፈለው ለእጅ ብቻ ከሆነ አእምሮውን ይዞ የሚመጣ ባለሙያ መጠበቅ አይቻልም።

በጋራ መኖሪያ ቤቶች ደግሞ ጉዳዩ የፍትሕም ጉዳይ ነው። ቋሚው ቧንቧ የሁሉም ነው፤ አራተኛ ፎቅ ላይ የፈሰሰው ዘይትና የተጣለው ጨርቅ ችግር የሚሆነው ለምድር ቤቱ ነዋሪ ነው። ተጎጂው በየጊዜው በራሱ ወጪ ሽቦ ቢያስልክ ምክንያቱ ከራሱ በላይ ስለሆነ መፍትሔ አያገኝም። የነዋሪዎች ኮሚቴዎች የቧንቧውን መስመር የሚያሳይ ንድፍ ቢይዙ፣ የመፈተሻ ክዳኖችም በሴራሚክና በሲሚንቶ እንዳይደፈኑ ቢከላከሉ፣ ብዙ ጠብና ብዙ ወጪ ይቀር ነበር።

ለተማሪው የሚቀርብ ጥሪ

የንጹሕ ውሃው መስመርም በዚሁ ጥያቄ ይመረመራል። የሚንጠባጠብ ቧንቧን እጀታውን አጥብቆ በመጠምዘዝ ማቆም ያረጀውን ጎማ ይበልጥ ይጨፈልቀዋል፤ መለወጥ ያለበት ርካሹ ጎማ ነው። በየሰከንዱ አንድ ጠብታ የሚወድቅ ከሆነና 20 ጠብታ አንድ ሚሊ ሊትር ቢሞላ፣ በቀን ከ4 ሊትር በላይ፣ በዓመት ደግሞ ከ1,500 ሊትር በላይ ይባክናል። ስሌቱን አትመኑ፤ መለኪያ ብርጭቆ ይዛችሁ በቤታችሁ ቧንቧ ላይ ሞክሩት። የመጸዳጃ ቤቱን የውሃ ማጠራቀሚያ ለመፈተሽም ጥቂት የምግብ ቀለም ጨምሩበትና ሳትለቁት ለግማሽ ሰዓት ቆዩ። ቀለሙ ወደ መቀመጫው ከወረደ የውስጡ ጎማ ያፈስሳል ማለት ነው።

የፊዚክስ መምህራን የፈሳሽ ግፊትን፣ የኬሚስትሪ መምህራን የሳሙና አሠራርን፣ የባዮሎጂ መምህራንም የበሽታ መተላለፍን ሲያስተምሩ የሁሉም ማሳያ ከእጅ መታጠቢያው ሥር ተጠምዞ ተቀምጧል። ተማሪው ቀመሩን በፈተና ወረቀት ላይ ጽፎ ከቤቱ ሲፎን ፊት ለፊት ቢያፍር ጉድለቱ የእርሱ ብቻ አይደለም፤ እውቀትንና የእጅ ሙያን በሁለት ክፍል ለያይተን ያስቀመጥን የሁላችን ነው። ከቴክኒክና ሙያ ማሠልጠኛ የሚወጣው ወጣት የዩኒቨርሲቲው ተማሪ የሚያውቀውን «ለምን»፣ የዩኒቨርሲቲው ተማሪም የዚያን ወጣት «እንዴት» ሊማር ይገባል።

ስለዚህ ውድ አንባቢያን፣ በሚቀጥለው ጊዜ ቧንቧ ሲዘጋ ለባለሙያው ሦስት ጥያቄ አቅርቡ፦ የተዘጋው የት ነው? ለምን እዚያ ተዘጋ? እንዳይደገም ምን ይደረግ? መልስ ለሚሰጣችሁ ባለሙያ ለመልሱም ጭምር ክፈሉት። እስከዚያው ድረስ ግን ዛሬ ማታ ማንንም ሳትጠሩ የምትፈጽሙት ጥገና አለ፤ ብዙ ጊዜ ውሃ በማያየው የወለል ማፍሰሻ ውስጥ አንድ ኩባያ ውሃ ጨምሩ፣ በየሳምንቱም ድገሙት። የእጅ መታጠቢያ ውሃ ቢሆንም ይበቃል።